ቅዳሜ ማታ የሚያገለግል መጽሔት፦ ባለ 32 ገጽ የሚና ጨዋታ መጽሔት አዘገጃጀት

በጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው በንግግርና በዳይስ ታሪክ ይጫወታሉ፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ የሚያጋጥማቸውን ቦታ፣ ሰውና ጠላት ያቀርባል። የዚህን ጨዋታ መጽሔት የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሪው ነው። ተጫዋቾች መጽሔት ይዋሳሉ እንጂ እምብዛም አይገዙም። መሪው ቅዳሜ አራት አምስት ሰው ይሰበሰብበታል፤ ለዝግጅት ያለው ከሥራ መልስ የሚተርፈው ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ እትሙን ሲገልጥ የሚፈልገው ቅዳሜ የሚያወጣውን ነገር ነው። ሌላም ዓይነት አንባቢ አለ፦ የሚጫወትበት ቡድን የሌለው፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ለምናቡ ብቻ የሚያነብ። ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሁለቱን የሚያስማማው አንድ ነገር ነው፤ ጭጋጋማ አጠቃላይ ወሬ ትቶ የሚጨበጥ ዝርዝር መስጠት።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ታዋቂው የሚና ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ በኋላ ዘ ድራገን የተባለው መጽሔት በ1976 አሜሪካ ውስጥ፣ ዋይት ድዋርፍ የተባለው ደግሞ በ1977 እንግሊዝ ውስጥ ጀመሩ። ዋይት ድዋርፍ አንባቢዎች የፈጠሯቸውን ጭራቆች የሚያወጣበት ዓምድ እጅግ ከመወደዱ የተነሳ በ1981 ራሱን ለቻለ የጭራቆች መጽሐፍ ዋና ምንጭ ሆነ። በ1986 የተጀመረው ደንጀን ደግሞ ትኩረቱን በሙሉ ጀብዱ (መሪው ጠረጴዛ ላይ የሚያጫውተው የተዘጋጀ ታሪክ) ላይ አድርጎ እስከ 2007 ድረስ 150 እትም አሳትሟል። አንባቢ ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ ከዚህ በላይ የሚናገር መረጃ አያስፈልግም።

ከታች ያለው መመሪያ ለኤ5 መጠን፣ በጥቁርና ነጭ ለሚታተምና መሃሉ በስቴፕል ለሚያያዝ ባለ 32 ገጽ መጽሔት ነው። መጠኑ የተመረጠው በምክንያት ነው። ኤ4 ወረቀት መሃል ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን የገጹ ብዛት ሁልጊዜ ለ4 መካፈል አለበት፤ 32 ገጽ ስምንት ወረቀት ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ከወፈረ ሲታጠፍ ያስቸግራል፣ ካነሰ ደግሞ ሙሉ ጀብዱ አይችልም።

ገጾቹን መደልደል

አንድም ጽሑፍ ከመሰብሰባችሁ በፊት ስምንት ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ ገጾቹን ከ1 እስከ 32 በእርሳስ ቁጠሩ። በዚህ ባዶ መጽሔት ላይ ምን የት እንደሚገባ ጻፉበት። የሚሠራ ድልድል ይህን ይመስላል፦

ገጽ 1 ሽፋን፤ 2 ማውጫና እርማት፤ 3–4 የሕግ ጥያቄና መልስ፤ 5–8 ለመሪዎች የሚሆን አንድ ጽሑፍ፤ 9–11 ጭራቅ፤ 12–21 ጀብዱ፤ 22–25 የዳይስ ሰንጠረዦች (መሪው ዳይስ ጥሎ የሚያጋጥመውን ነገር የሚመርጥባቸው ዝርዝሮች)፤ 26–28 ግምገማ፤ 29–30 በአንድ ምሽት መሃል ሊገባ የሚችል አንድ ቦታ ወይም አንድ ሰው፤ 31 ተጫዋቾች እጅ የሚገባ ደብዳቤ ወይም ሥዕል፤ 32 የስም ዝርዝር።

የጀርባ ሽፋኑ ላይ የስም ዝርዝር የገባው ያለ ነገር አይደለም። ተጫዋቾች ድንገት አንድ የበር ጠባቂ ይዘው «ስምህ ማነው?» ሲሉት መሪው መጽሔቱን ሳይገልጥ ገልበጥ አድርጎ ብቻ ያነባል። እዚያ ማስታወቂያ ማውጣት የመጽሔቱን ምርጥ ቦታ ማባከን ነው።

የአዘጋጁ መልእክት የሚባለው ነገር በድልድሉ ውስጥ የለም። የግድ ካላችሁ ማውጫው ሥር አምስት መስመር ይበቃዋል። «እንኳን ወደ ሁለተኛው እትማችን በደህና መጣችሁ» ለሚል ገጽ ማንም ገንዘብ አይከፍልም።

ጀብዱው ከ12 እስከ 21 የተቀመጠው ካርታው መሃል ላይ፣ ገጽ 16 እና 17 ላይ እንዲያርፍ ነው። በ32 ገጽ መጽሔት ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ወረቀት ፊት ላይ የሚታተሙት ውስጣዊ ገጾች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላ ቦታ ላይ ሁለት ገጽ የሚሸፍን ካርታ ብታወጡ ግማሹ በአንድ ወረቀት፣ ግማሹ በሌላው ይታተምና መስመሮቹ አይገጥሙም። መሪው ደግሞ መጽሔቱን መሃሉ ላይ ዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ሳይዘጋበት ይቆማል።

ጀብዱው

እትሙ የሚወደደውም የሚጣለውም በጀብዱው ነው፤ ስለዚህ ጊዜያችሁን ግማሹን እዚህ ላይ አጥፉ።

በ10 ነጥብ ፊደል የተጻፈ አንድ የኤ5 ገጽ 220 ያህል የአማርኛ ቃል ይይዛል። ከአሥሩ ገጽ ሁለቱ ለካርታ ሲወጡ 1,700 ቃል ገደማ ይቀራል። ይህም ለአንድ ምሽት፣ ማለትም ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ጨዋታ በቂ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አራት ነገር ብቻ ይናገር፦ ምን ተፈጠረ፣ አሁን ማን ምን እየፈለገ ነው፣ ተጫዋቾቹ ጣልቃ ባይገቡ ነገ ምን ይሆናል፣ እነሱስ በምን ሰበብ ይገባሉ። መግቢያ ሰበቡ አንድ ብቻ ከሆነ ገንዘብ የማይፈልግ ቡድን ሲገጥመው መሪው ይቸገራል። ሦስት ስጡት፦ አንዱ በክፍያ፣ አንዱ በዝምድና ወይም በውለታ፣ አንዱ በአደጋ።

ቀጥሎ ከ8 እስከ 10 ቦታዎች፣ ለእያንዳንዱ 100 ቃል ገደማ። ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለምሳሌ ወንዝ ሞልቶ የጨው ቅፍለት ያገደበት የነጋዴ ማደሪያ አለ እንበል። በተለመደው መንገድ ሲጻፍ የሚመጣው ይህ ነው፦

«ይህ ሰፊና ጨለማ መጋዘን ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ ባለጸጋ ነጋዴ የተሠራ ሲሆን፣ ነጋዴው ከወንድሙ ጋር በውርስ ምክንያት ከተጣላ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። በአሁኑ ሰዓት ቅፍለቱ ጨው የሚያከማችበት ሲሆን…»

መሪው ይህን ሲያነብ አራት ሰዎች ዓይን ዓይኑን እያዩት ነው። በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ገና አያውቅም። የወንድማማቾቹን ጠብ ደግሞ ማንም ተጫዋች አይጠይቀውም። ያው ቦታ ለጠረጴዛ ሲጻፍ፦

«4. የጨው መጋዘን። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጆሮ ለሰጠ፣ ውስጥ የሰው ትንፋሽና ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ይሰማል።
ሲገቡ፦ የእርጥብ ቆዳ ሽታ። ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት። እስከ ጣሪያ የተደረደረ አሞሌ።
ጠጋ ብሎ ላየ፦ የታችኛው ረድፍ እየሟሟ ነው፤ ክምሩ ወደ በሩ አዘንብሏል። የነካው ወይም የጮኸ ሰው ካለ ይናዳል። የቅልጥፍና ፈተና፣ የክብደት ቁጥር 13፤ ያላመለጠ የሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ጉዳት ይደርስበታል።
ከክምሩ ጀርባ፦ የቅፍለቱ ጸሐፊ፣ እግሩ በአሞሌ ተይዟል። የጠፉትን 40 አሞሌዎች ማን እንደወሰደ ያውቃል። ሳያወጡት አይናገርም።»

(«የክብደት ቁጥር» ማለት ተጫዋቹ ለማምለጥ በዳይስ ሊደርስበት ወይም ሊያልፈው የሚገባ ቁጥር ነው።) ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ከበሩ ውጭ የሚታወቀው፣ ሲገቡ የሚታየው፣ ሲፈትሹ የሚገኘው፣ በመጨረሻ የተሰወረው። ተጫዋቾች ነገሩን በሚደርሱበት ሥርዓት ስለተጻፈ መሪው ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች አያመላልስም። አሞሌ ጨው በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ስለኖረ፣ አማርኛ አንባቢ የሚሟሟው ክምር ሀብት መሆኑን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። በእንግሊዝኛ መጽሔት ይህ አንድ አንቀጽ ማብራሪያ ይፈጅ ነበር።

ድምፅ አውጥቶ የሚነበብ ክፍል የምታስገቡ ከሆነ ከ40 ቃል አይብለጥ፤ ከዚያ ወዲያ ተጫዋቾች ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። በውስጡም «ፍርሃት ይሰማችኋል» ወይም «ወደ ፊት ትሮጣላችሁ» አትበሉ። መፍራትና መሮጥ የተጫዋቹ ውሳኔ ነው።

ፍንጭን በተመለከተ አንድ ስሌት አለ። ታሪኩ እንዲቀጥል የግድ መታወቅ ያለበት ነገር አንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ የማግኘት ዕድሉ ግማሽ ቢሆን፣ ከሁለት ቡድን አንዱ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ተመሳሳይ ዕድል ያላቸው ሦስት የተለያዩ ፍንጮች ካስቀመጣችሁ ግን ሦስቱንም የመሳት ዕድል 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የጠፋውን አሞሌ ነገር የቅፍለቱ ጸሐፊ ብቻ አይወቅ፤ የግቢው ዘበኛ የተጫነ በቅሎ ሲወጣ ሰምቷል፣ ከኋላ በር ውጭ ደግሞ የፈሰሰ የጨው ዱካ አለ። በሩን ለማለፍ ወይም ሕይወት ለማትረፍ ዳይስ ይጣል፤ ታሪኩ ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ግን ለዳይስ አትስጡ።

ለስንት ሰው እና ለየትኛው የገጸ ባሕርይ የብቃት ደረጃ እንደተጻፈ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ይነገር፦ «ለ4 ገጸ ባሕርያት፣ ደረጃ 3»። ከእያንዳንዱ ውጊያ ሥር ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፦ ሦስት ሰው ብቻ ከመጣ የትኛው ጠላት ይቀነስ፣ አምስት ከሆኑስ ምን ይጨመር። ይህች አንድ መስመር ከብዙ የታሪክ ዳራ ይልቅ ታስመሰግናችኋለች፤ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው ሁሌም ይቀራልና።

ጀብዱን ቆርጣችሁ «በሚቀጥለው እትም ይቀጥላል» አትበሉ። አንባቢው ቀጣዩን እትም ላያገኘው ይችላል፣ ያኔ እጁ ላይ ያለው ግማሽ ጀብዱ ዋጋ የለውም።

ካርታ

ካርታውን በ1 ሚሊ ሜትር ግድግዳና ከግማሽ ሚሊ ሜትር በማያንስ ሌላ መስመር ሳሉ። ግራጫ ቀለም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይጠቁራል ወይም ነጠብጣብ ይሆናል፤ ውሃንና ድንጋይን በሰረዝና በነጥብ ለዩ። ቦታዎቹን ቁጥር ስትሰጡ ተጫዋቾች በሚደርሱበት ቅደም ተከተል ይሁን፤ መግቢያው 1 ሆኖ ቀጥሎ ያለው ክፍል 9 ከሆነ መሪው ምሽቱን በሙሉ ገጽ ሲገልጥ ያመሻል። ልኬቱን ጻፉ፦ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ልማድ አንዱ ካሬ 5 ጫማ፣ በግምት 1.5 ሜትር ነው።

ፒዲኤፍ የምታወጡ ከሆነ ቁጥርና ምስጢር የሌለበት ሁለተኛ ካርታ ለብቻው ጨምሩ። በስክሪን የሚጫወቱ ቡድኖች የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይህ ነው፣ ለእናንተ ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰንጠረዦች

ሰንጠረዥ ቀላል ይመስላል፣ ግን ስሌቱን ሳያውቁ የጻፉት ወዲያው ያስታውቃል። ሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ተጥሎ ሲደመር 7 የመውጣት ዕድሉ ከ36 ውስጥ 6 ነው፤ 2 ወይም 12 ግን እያንዳንዳቸው ከ36 አንድ ጊዜ ብቻ። 6፣ 7 እና 8 ብቻቸውን 44 በመቶውን ይወስዳሉ። ብዙ ጸሐፊ ምርጡን ሐሳቡን 12 ላይ ይደብቅና 7 ላይ «ምንም የለም» ብሎ ይጽፋል። ውጤቱ፣ አንባቢው ከሁሉም አብልጦ የሚያገኘው ባዶውን መሆኑ ነው። መሃሉን አድምቁት፤ ዳሩ ላይ አገር የሚለውጥ ነገር አስቀምጡ።

በአንድ ዳይስ ብቻ ለሚጣል ሰንጠረዥ ደግሞ ርዝመቱ ወሳኝ ነው። በአንድ ምሽት አራት ጊዜ የሚጣል ባለ 6 መስመር ሰንጠረዥ ቢያንስ አንድ ውጤት የመድገም ዕድሉ 72 በመቶ ነው፤ ባለ 20 መስመር ከሆነ 27 በመቶ። መንገድ ላይ ለሚያጋጥም ነገር 20 መስመር ጻፉና ከሥሩ «ከተደገመ ቀጣዩን መስመር ውሰድ» በሉ።

እያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልግ። «3 ሽፍቶች» ቁጥር ነው። «3 ሽፍቶች የሞተ ጓደኛቸውን ለመቅበር አካፋ ያበድሩን ይላሉ» ግን ለመሪው ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው።

ጭራቅ፣ ምክርና ጥያቄ

ጭራቁን ከምልክቱ ጀምሩ፦ ተጫዋቾች ሳያዩት በፊት ምን ያያሉ፣ ምን ይሸታቸዋል? ከዚያ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያሸሸዋል፣ ሲቆስል ምን ያደርጋል። ቁጥሮቹ በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጡ፤ ሣጥኑ ወደ ቀጣዩ ገጽ ከተሻገረ በውጊያ መሃል ገጽ መግለጥ ይመጣል። እስከ ሞት የሚዋጋ እንስሳ አትጻፉ፣ እንስሳ ሲጎዳ ይሸሻል።

የምክር ጽሑፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። «ጥሩ የጨዋታ መሪ እንዴት መሆን ይቻላል» የሚል አራት ገጽ ማንንም አይጠቅምም። «አንድ ተጫዋች ሲቀር ገጸ ባሕርይው ምን ይሁን» የሚለው ግን የሁሉም ቤት ችግር ነው። የሕግ ጥያቄ ላይ መልሱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነገር፣ ምክንያቱ ይከተል፣ የሕጉ መጽሐፍ ገጽ ቁጥርም ይጠቀስ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ሕግ ይሁን የ2024ቱ ለይታችሁ ጻፉ፤ ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ስላሉ ሳይለዩ መመለስ ጭቅጭቅ መጥራት ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ይዘት የሌላ ሰው ሕግ ስትጠቀሙ ፈቃዱን እዩ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም መሠረታዊ የሕግ ሰነድ፣ ቅጂ 5.1፣ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ የባለቤትነት መጥቀሻ 4.0 ፈቃድ ተለቋል፤ በውስጡ የተሰጠውን የመጥቀሻ ዓረፍተ ነገር ገጽ 2 ላይ ካወጣችሁ መሸጥም ትችላላችሁ። የጨዋታው ጭራቆች ሁሉ ግን እዚያ ውስጥ አይደሉም። ለምሳሌ ቢሆልደር የተባለው ጭራቅ መግለጫ የለበትም። ዝርዝሩ ውስጥ ያላገኛችሁትን አትንኩ፣ የራሳችሁን ፍጠሩ።

ግምገማ

አንባቢ ግምገማ ሲያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው ተገምጋሚው ጨዋታ ተሞክሯል ወይስ ተነቧል የሚለውን ነው። በመጀመሪያው መስመር ተናገሩ፦ በስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ ከስንት ሰዓት ዝግጅት በኋላ። ቅጂው በነፃ የተሰጠ ከሆነም ይነገር። ቀጥሎ ጨዋታው የተንገዳገደበትን ገጽ፣ በመጨረሻም ማን ባይገዛው እንደሚሻል። በሦስት ገጽ ላይ ዘጠኝ አጫጭር ማስተዋወቂያ ከመደርደር ሁለት የተሟሉ ግምገማዎች ይበልጣሉ። «ሥዕሎቹ በጣም ያምራሉ» የሚለው መስመር ሲወጣ ምን እንደሚቀር አይታችሁ ረቂቁን መዝኑት።

ሙከራ

ጀብዱው ሁለት ጊዜ ይሞከር። መጀመሪያ ጸሐፊው ራሱ ይምራው። ሁለተኛው ላይ ሌላ መሪ የተጻፈውን ብቻ ይዞ ይምራ፤ ጸሐፊው ጥግ ይዞ ዝም ይበል፣ ቢጠየቅም አይመልስ። ብዕር ይዞ የሚመዘግበው ሦስት ነገር ነው፦ መሪው ወደ ኋላ ገጽ የገለጠበት ቦታ፣ ከአሥር ሰከንድ በላይ አቀርቅሮ ያነበበበት፣ የሌለ ነገር ከራሱ የፈጠረበት። የመጀመሪያው የአቀማመጥ ችግር ነው፣ ሁለተኛው የርዝመት፣ ሦስተኛው የጎደለ መረጃ። ጸሐፊው ብቻ የመራው ጀብዱ ሁሌም ያለችግር ይሄዳል፤ የጎደለው በጭንቅላቱ ውስጥ አለና።

ፊደል፣ ኅትመትና ስፌት

የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በ10 ነጥብ ተጠቅማችሁ የመስመሩን ከፍታ 15 ነጥብ አድርጉ፤ ከዚያ ካነሰ መስመሮቹ ይጨናነቃሉ፣ በሻማ ወይም በደብዛዛ መብራት የሚጫወት ሰው አያነበውም። ጠባብ ዓምድ ላይ ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አታድርጉ። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነና ስለማይቆራረጥ በቃላቱ መሃል ትልልቅ ክፍተት ይፈጠራል። ግራውን ብቻ አስተካክሉ። የውጭ ኅዳጉ ከ12 ሚሊ ሜትር አይነስ።

ስታትሙ ሽፋኑን በአንድ ባለ 160 ግራም፣ ውስጡን በሰባት ባለ 80 ግራም ወረቀት አድርጉ። በአንድ ወረቀት ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚውሉ ገጾች ድምር ሁሌም 33 ነው፦ 32 እና 1፣ 2 እና 31፣ 30 እና 3 እያለ እስከ 16 እና 17። ማተሚያው ላይ ሁለቱንም ፊት ስታዝዙ በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ ምረጡ፤ በረጅሙ ከሆነ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ሁሉንም ከማተማችሁ በፊት አንድ ቅጂ አትማችሁ አጥፉና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ግለጡ።

ገጽ 31 ተቆርጦ ለተጫዋች የሚሰጥ ከሆነ በጀርባው ያለው የስም ዝርዝር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ «ፎቶ ኮፒ አድርጉ» የሚል ማስታወሻ ከግርጌው ይግባ።

ሽፋኑ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ ቀለሙ ባለቀ ስክሪብቶ በማስመሪያ አስደግፋችሁ የማጠፊያውን መስመር አስቀድማችሁ ጫኑት። ተራ ስቴፕለር ከወረቀቱ ጠርዝ እስከ መሃሉ ያለውን 15 ሴንቲ ሜትር አይደርስም። ባለ ረጅም ክንድ ስቴፕለር ከሌለ፣ ስቴፕለሩን ከፍታችሁ ወረቀቱን ወፍራም ካርቶን ላይ አድርጋችሁ ምቱት፣ ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ከውስጥ በኩል በማንኪያ ጀርባ እጠፉ። ሁለት ስቴፕል ይበቃል፣ ከላይና ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ከታጠፈ በኋላ የመሃሎቹ ወረቀቶች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በስለትና በብረት ማስመሪያ ከርክሙት።

ከወጣ በኋላ

ሁለተኛው እትም ግማሹ ሳያልቅ የመጀመሪያውን አታውጡ፣ የዓመት ክፍያም አስቀድማችሁ አትሰብስቡ። የዘገየ እትም ይቅርታ ያገኛል፤ ገንዘቡ ተበልቶ የቀረ እትም ግን አያገኝም።

ስሕተት ይገኛል፣ በተለይ ቁጥር ላይ። እርማቱን በቀጣዩ እትም ገጽ 2 አውጡ፦ የእትሙ ቁጥር፣ ገጹ፣ የተሳሳተው፣ ትክክለኛው። አንባቢው ቆርጦ አሮጌው ገጽ ላይ እንዲለጥፈው ከገጹ ኅዳግ በማይሰፋ ትንሽ ሣጥን ይሁን። ፒዲኤፉን ስታርሙ የታረመበትን ቀን ሽፋኑ ላይ ጻፉ፤ አለዚያ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ የክብደት ቁጥር ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።